የባለቤቴን ቦንድ ከባለቤቴ ለጠበቃችሁልን

ይድረስ ለክቡር የኬስትረል ቤይ ኦንላይን ኢንቨስትመንት የደንበኞች እርካታ ዋና ኃላፊ፤
ቶሮንቶ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ሠራተኞችም፣ ስልኩን የሚያነሳው ማሽንም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። በተለይም ማታ ሲተኙ የነበረው ድምፅዎ ጠዋት ሲነሱ እዚያው ጉሮሮዎ ውስጥ እንዲጠብቅዎ አጥብቄ እመኝልዎታለሁ፤ ድምፁ የጠፋበት ሰው በድርጅታችሁ ደጅ ምን እንደሚያጋጥመው ስላየሁ በእርስዎ ላይ እንዲደርስ አልሻም።

ይህ ደብዳቤ በአማርኛ መጻፉ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በእንግሊዝኛ የጻፍኩላችሁ ሁሉ ለረጅም ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ከሚል መልስ አላለፈም። ትዕግሥቴን ካመሰገናችሁልኝ አይቀር ጥቂቱን ለራሴ ሰዎች ላካፍል ብዬ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በየግሮሰሪው ደጃፍ በነጻ በሚታደለው የማኅበረሰባችን ጋዜጣ አወጣሁት። የሚተረጉምልዎ ሰው ከፈለጉ በድርጅታችሁ ውስጥ አማርኛ የምትችል አንዲት ልጅ አለች፤ ስለ እሷ ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

ስሜ ተናኜ ይባላል። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ከባለቤቴ ከባህሩ ጋር እኖራለሁ። አንዲት ልጃችን አግብታ ካልጋሪ ገብታለች። ባህሩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነበር። እናንተ የምታውቁት በሂሳብ ቁጥሩ ነው፤ እኛ የምናውቀው ደግሞ በወሬው ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ አጠገቡ የቆመ ሰው አውቶቡሱ ሳይመጣ የሕይወት ታሪኩን ነግሮት፣ የእሱንም ሰምቶ ነበር የሚሳፈረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንፎርዝ ካለች አንዲት ካፌ ከወዳጁ ከጥሩነህ ጋር ተቀምጦ ስለ ቦንድ ማስረዳት ይወድ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«ሼር የገዛ ሰው የገዛው ተስፋ ነው፤ ቦንድ የገዛ ሰው ግን የተቀበለው ቃል ነው» ይል ነበር። «ኩባንያው ካንተ ይበደራል። በዓመት ሁለት ጊዜ ወለድ ይከፍልሃል። በተባለው ዓመት ዋናውን ይመልስልሃል። ያ ዓመት ሳይደርስ ገንዘብህ ካስፈለገህ ደግሞ ቦንዱን ለሌላ ሰው ሸጠህ ትወጣለህ።»

ጥሩነህ ይስቅበታል። «እኔ እዚህ አገር ስገባ ሶፋ የገዛሁት ተበድሬ ነው። አንተ ደግሞ ሶፋ ሻጩን ታበድራለህ።»

ይህን ሁሉ የምነግርዎ ሰውየው ምን ዓይነት ተናጋሪ እንደነበር እንዲያውቁልኝ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

፩. ስለ ግዢው ቅልጥፍና

ባህሩ ጡረታ ሲወጣ ከተሰጠው ገንዘብ አብዛኛውን አውጥቶ ብራምብል ሆም የሚባለውን የቤት ዕቃና የጥገና መሣሪያ መደብር ቦንድ በድረ ገጻችሁ ሲገዛ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ብራምብልን የመረጠው ስለሚያውቀው ነው። የቤታችንን ቀለም፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የልጃችንን መደርደሪያ ሁሉ የገዛው ከዚያ ነበርና «የማላውቀውን ከማበድር የማውቀውን ላበድር» አለ። ስለዚያች ምሽት የማስታውሰው ማንም ድምፁን አሰማን እንዳላለው ነው። ፊርማውን ያየ አልነበረም። አእምሮው ሙሉ መሆኑን፣ ሚስቱ አስገድዳው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ቦታ ተጫነ፤ «እርግጠኛ ነዎት?» አለው፤ አሁንም ተጫነ፤ «እንኳን ደስ አለዎት» አለው። ሽንኩርቱ ገና አልቀላም።

«አየሽ፣ ደላላ የለ፣ ደጅ ጥናት የለ» አለኝ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ።

ስለዚህ ቅልጥፍና ከልብ እናመሰግናለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጸደይ መግቢያ ላይ፣ ባህሩ የእኛ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ወደቀ። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ከጎኑ ተንጠልጥሎ፣ ንግግሩ ሄዶ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችን የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ይረዳል፣ ማሰቡም እንደ ድሮው ነው፤ ቃሉ ግን ከሐሳቡ ወደ አፉ ሲመጣ መንገድ ላይ ይቀርበታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራውን የበላበት እንግሊዝኛ አንድም ቃል ሳያስቀር ሄደ። ከአማርኛው «እሺ» ቀረው፣ «የለም» ቀረው፣ የእኔ ስም ቀረው። አልፎ አልፎ ሌላም ይመጣለታል፤ ግን ያልፈለገው ነው የሚመጣው። ውሃ ሲጠማው «ሰኞ» ይላል። እኔም ተነስቼ ውሃ አመጣለሁ።

መንግሥት የሚከፍልላት የንግግር ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ቤታችን እየመጣች ታሠራው ነበር። የተፈቀደላት ጊዜ ሲያልቅ ደግ ልጅ ናትና በር ላይ ቆማ፣ «እየመጣለት ነው፤ አሁን ማቋረጥ የለባችሁም» ብላ በግል የሚከፈልበትን ክሊኒክ አድራሻ ሰጠችኝ። የሚከፈለው ብዙ ነው። የነበረን ጥሪት ያ ቦንድ ነበር።

በዚያው ሳምንት የመታጠቢያ ገንዳው ላይ የሚገጠም የእጅ መያዣ ልገዛ ብራምብል ሄድኩ። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፤ መደርደሪያው ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ካሸሯን መቼ ይመጣል ብላት ትከሻዋን ሰበቀች። ቤት ገብቼ ለባህሩ ያየሁትን ነገርኩት። ጨርሼ ሳልናገር በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታና «ሽጪ!» አለ። ከታመመ ወዲህ ከአፉ ከወጣው ቃል ሁሉ የጠራው ያ ነበር።

፪. ስለ መውጫው በር

ኮምፒውተሩን ከፊቱ አኖርኩለት፤ እሱም በግራ ጣቱ እየጠቆመ የሚስጥር ቁጥሩን አስገባን። ቦንዱ ስክሪኑ ላይ አለ። ዋጋውም አለ፤ ከመቶው ዘጠና አንድ ይላል፤ በመቶ ዶላር የተገዛው አሁን ዘጠና አንድ ያወጣል ማለት ነው። ባህሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ በዚህ ዋጋ እንሽጥ ማለቱ ነው። «ሽያጭ» የሚለውን ስጫነው ግን «ይህን ቦንድ ለመሸጥ እባክዎ በስልክ ያነጋግሩን» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ክቡር ሆይ፣ መግቢያው በጣት መውጫው በአፍ የሆነ ቤት የሠራችሁት በምን ጥበብ እንደሆነ ባህሩ ፕላን ነዳፊ ስለነበር ቢጠይቅዎ ደስ ይለው ነበር።

፫. ስለ ድምፅ መለያው

ስልኩን ማሽን አነሳው። ባህሩ ከግዢው በኋላ ገና ጤነኛ ሳለ፣ እናንተው ለደኅንነቱ ብላችሁ፣ «ድምፄ የይለፍ ቃሌ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስብላችሁ ቀድታችሁት ኖሯል። ማሽኑም አሁን ያንኑ እንዲደግም በትሕትና ጠየቀው። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ባህሩ ጠረጴዛውን ያዘ። አፉን ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ላቡ በግንባሩ ወርዶ፣ የወጣው ግን «እሺ... እሺ... ተናኜ» ነበር። ማሽኑ «ይቅርታ፣ ድምፅዎን ለይተን አላወቅንም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ። ሞከረ። እንደገና ይቅርታ ጠየቀው። ማሽን እንደዚያ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ «ለእርስዎ ደኅንነት ሲባል ሂሳብዎን ቆልፈነዋል» ብሎ ዘጋ። ባህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እስከ ራት ድረስም አልመለሰውም።

የራሱን ድምፅ አስመስሎ ሊያጭበረብራችሁ ከሞከረው ከባለቤቴ ሂሳቡን ስለ ጠበቃችሁልን እናመሰግናለን።

፬. ስለ እኔ

በማግስቱ ሰው አገኘሁ። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ አልያዝኩትም። ባለቤቴ ታሟል፣ መናገር አይችልም፣ አጠገቤ ነው፣ መሸጥ ይፈልጋል አልኩት። «ከሂሳቡ ባለቤት ጋር ብቻ ነው መነጋገር የምችለው፤ ያገናኙኝ» አለኝ። መናገር አይችልም አልኩት። «ይገባኛል፤ ያገናኙኝ» አለኝ። አገናኘሁት። የትውልድ ዘመኑን ጠየቀው። ባህሩ «የለም» አለ። በራሱ ፈቃድ እየደወለ እንደሆነ ጠየቀው። ባህሩ «የለም፣ የለም» አለና በንዴት ራሱን ያዘ፤ አዎ ማለት ፈልጎ የተሳሳተው ቃል ወጥቶበት ነበር። አዎ ማለቱ ነው ብዬ ከጎን ጮህኩ።

የስልኩ ሰው ድምፅ ለዘበ፤ የሚያስፈራው እንዲህ ሲለዝብ ነው። «እሜቴ፣ እባክዎ እርሳቸውን ወክለው አይመልሱ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ አንድ «ሦስተኛ ወገን» በአዛውንት ደንበኛችሁ ላይ ጫና አድርጎ ንብረታቸውን ሊያሸጥ እንደሚችል ስለተጠረጠረ በሂሳቡ ላይ ጊዜያዊ እገዳ መደረጉን ይገልጻል። ሦስተኛ ወገን እኔ ነኝ። ከባህሩ ጋር ካርቱም ላይ የተጋባን ነን፤ እዚህ አገር አብረን ገባን፤ አሁን ደግሞ ጥርሱን የምፍቅለት፣ ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ወገን ማን እንደሆነ ደብዳቤው አይገልጽም።

ሰዎች ይህን ሳወራ ያን ጊዜ አልተናደድሽም ወይ ይሉኛል። ንዴቱን ፈልጌ አጣሁት። ደብዳቤውን አጥፌ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩና ልብስ ላጥብ ወረድኩ። የልብስ ማጠቢያው ቤት ሞልቶ ነበር፤ ተራዬ እስኪደርስ ቆሜ ማሽኖቹ ሲዞሩ አየሁ።

፭. ስለ ፊርማው

የውክልና ሥልጣን አምጪ አላችሁኝ። ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ጠበቃዋ ባህሩን ብቻውን አስገብታ በሥዕልና በምልክት እየጠየቀች ረጅም ጊዜ አነጋገረችው፤ የሚያደርገውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው ብላ ጻፈች። እሱም በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው ከዚያ በፊት የሚያምር ነበር፤ ፕላን የሚነድፍ እጅ ነው። አሁን ሕፃን የሳለው ዛፍ ይመስላል። ወረቀቱን ላክንላችሁ። በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚመረመር ነገራችሁን። ምርመራው ሲያልቅ የመጣው መልስ፣ ፊርማው ሂሳቡ ሲከፈት እናንተ ዘንድ ከተቀመጠው ፊርማ ጋር ስለማይመሳሰል ተቀባይነት አላገኘም የሚል ነበር።

ጠበቃዋ ስለ ግራ እጁ ዳግመኛ ጻፈችላችሁ። ዳግመኛ ምርመራ ጀመራችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ዋጋ ግን ምርመራችሁን አይጠብቅም ነበር፤ ብራምብል መደብሮቹን መዝጋት መጀመሩ በዜና ተነግሮ ስለነበር ባየሁት ቁጥር ወርዶ አገኘዋለሁ። ለባህሩ ማሳየቱን ተውኩ። እሱም መጠየቁን ተወ። ለነገሩ ቢጠይቅም ቃሉ ሌላ ሆኖ ነበር የሚወጣው።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ላስረዳዎ። ገንዘቡ የተፈለገው ንግግሩን ለማስመለስ ነበር። ገንዘቡን ለማውጣት ደግሞ ንግግር ያስፈልግ ነበር። ይህን ለሁሉም ሠራተኞቻችሁ ተናግሬያለሁ። ሁሉም ይገባኛል ብለውኛል።

፮. ስለ ቋንቋው

አንድ ቀን ደግሜ ስደውል አንዲት ወጣት ሴት አነሳችው። ስሜን ስነግራት «ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለችኝ በአማርኛ። ፅዮን ትባላለች። እዚሁ ያደገች መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል፤ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች፣ ግን እየተጠነቀቀች ነበር የምታወራው። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት። «እትዬ፣ እስቲ ጋሼን ያቅርቡልኝ፤ ላናግራቸው» አለች።

ስልኩን ወደ ባህሩ አስጠጋሁት።

«ጋሼ ባህሩ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፅዮን እባላለሁ። አይቸኩሉ፣ ጊዜ አለን። ምን ላድርግልዎ?»

በአማርኛ ሲጠየቅ ፊቱ ተለወጠ። ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ሽጪው» አለ።

«ምኑን ልሽጠው ጋሼ?»

«ሱቁን... የሱቁን። ብራ...» ቃሉ ተሰበረበት። እንደገና ጀመረ። «ብራምብል። ሁሉን። ሽጪው።»

ክቡር ሆይ፣ የንግግር ሐኪሟ ትመጣ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ባህሩ የዓመት ሥራ እንደ ጨረሰ ሰው ወደ ኋላው ተደግፎ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ፅዮን «ገብቶኛል ጋሼ፣ በደንብ ገብቶኛል። ሱፐርቫይዘሬን ላነጋግርና ልመለስ» ብላ ሙዚቃ አስገባችልን። ሙዚቃው ረጅም ነበር። ስትመለስ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ወዲያው ከአጠገቧ ሰው እንዳለ ገባኝ። ጥሪው ስለሚቀዳና ቀረጻውን የሚፈትሸው ክፍል ስለማይረዳው፣ ድርጅቱ የሽያጭ ትእዛዝ የሚቀበለው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብቻ መሆኑን አነበበችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፣ «እትዬ፣ ሰምቻቸዋለሁ እኮ። ግን መመዝገብ አልችልም። በእናትዎ ይቅር ይበሉኝ» አለች። መስመሩ ተዘጋ።

ባህሩ እኔን ያየኛል። ምን አለች ማለቱ ነው። «እሺ ብላለች» አልኩት።

በዚያን ቀን ዋጋው ከመቶው ስድሳ ያህል ነበር። ብዙ ከስረን ቢሆንም ለክሊኒኩ ይበቃን ነበር።

፯. ስለ ፈቃዱ

የብራምብል ሆም ኩባንያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ ከለላ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት መግባቱን የሰማሁት ከጥሩነህ ነው። ዜናውን አይቶ ሲሮጥ መጣ፤ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ «ሸጣችሁ አይደል? ሸጣችኋል አይደል?» እያለ። አልሸጥንም አልኩት። ወደ ባህሩ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና እጁን ያዘው፤ ሁለቱም የተከፈተውን ቴሌቪዥን አዩ።

በዚያው ሳምንት የውክልና ሥልጣኔ መጽደቁን የሚያበስር ኢሜይል ከእናንተ ደረሰኝ። ከአሁን ጀምሮ በባለቤቴ ሂሳብ ላይ ያለ አንዳች ገደብ መግዛትና መሸጥ እንደምችል፣ ለዚህም እንኳን ደስ አለሽ ይላል። ገብቼ አየሁት። ቦንዱ ስክሪኑ ላይ አለ። ዋጋው ባለበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ነበረች። ደውዬ ልሽጥ አልኩ፤ ሰውየው በጣም ትሑት ነበር፣ ገዢ የለም አለኝ። ስላነጋገረኝ ብቻ አመሰገንኩት።

አቤቱታ አስገባሁ። እርስዎ የሚመሩት ክፍል መረመረው። የመጣው መልስ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት መፈጸሙን፣ የደረሰው ኪሳራ የገበያ ሁኔታ መሆኑን፣ የእኔ ስሜት ግን ለድርጅቱ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ይገልጻል። ከሥሩ የፈራሚዋ ስም አለ። ፅዮን ናት።

ደብዳቤው ላይ በነበረው ስልክ ቁጥር በቀጥታ ደወልኩና አገኘኋት። አማርኛ አላወራችም። ከስልክ ወደ ጽሑፍ ክፍል እንዳዛወሯት፣ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ የሚመጣ እንደሆነ፣ እሷ ስሟን ብቻ እንደምታስገባ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። በመጨረሻም «ጋሼ እንዴት ናቸው?» አለች፤ ይህን በአማርኛ። ደህና ነው አልኳት። ክፉ ሰው እንዳልሆነች እንዲያውቁልኝ፣ በዚህም ምክንያት እንዳይቆጧት አደራ እላለሁ። የምታውቀውን ቋንቋ መናገር የማያስፈልግበት ቦታ አግኝታችሁላታልና ስለ እሷም አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልናገር። ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ሰዎች ባህሩን «የተከበሩ አበዳሪ» ብለው ጻፉለት። ቦንዱ ቀርቶ በምትኩ ገበያ ላይ የማይሸጥ የአንድ አዲስ ኩባንያ ሼር እንዲሰጠው ሐሳብ ቀርቧል፤ ድምፅ ይስጡ፣ ድምፅ ያልሰጠ ግን በሚሰጡት ውሳኔ ይገዛል አሉት። የድምፅ መስጫው በስልክ ነበር። አልደወልንም።

ወደ ግል ክሊኒኩ አልሄድንም። የንግግር ሐኪሟ ትታልን በሄደቻቸው ሥዕሎች እኔ ከሥራ ስመለስ አሠራዋለሁ። ማንኪያ አሳየዋለሁ። ያየዋል፤ ማንኪያ መሆኑን ያውቃል። ያን ሁሉ ያወራ የነበረ አፉ ይከፈትና ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ይመጣለታል። አንዳንድ ቀን ሥዕሎቹን በግራ እጁ ገፋ አድርጎ «እሺ» ይለኛል፤ ዛሬ ይበቃናል ማለቱ ነው። ጥሩነህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያናግረዋል፤ በቀድሞው ጊዜ ባህሩ የሚያወራውን ያህል ለማውራት ይሞክራል፤ ግን አይችልበትም። ልጃችን ከካልጋሪ ትደውላለች፤ ካናገረችው በኋላ ስልኩን መልሼ ስይዘው እያለቀሰች አገኛታለሁ። እኔ አላለቀስኩም። ጠዋት እነሳለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ጎረቤቴ አበራሽ እንድታየው አድርጌ አውቶቡሴን እይዛለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ የእናንተ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ አንዲት ሴትዮ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን እያየች ትስቃለች። በየቀኑ አያታለሁ። ምንም አይሰማኝም።

ከእርስዎ የምለምነው ገንዘብ አይደለም፤ እንደማይሰጥ በደንብ ተጽፎልኛል። የምለምነው ከዚህ ጋዜጣ አንድ ቅጂ ቢሯችሁ ውስጥ፣ ቀረጻዎችን በሚፈትሸው ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ብቻ ነው። በማይረዱት ቋንቋ ስለተጻፈ ማንንም አያውክም።

ለሰጣችሁን ጥበቃ ሁሉ፣ ለይቅርታችሁ ብዛት፣ ለሙዚቃችሁም ርዝመት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በሥራዎ ሁሉ መቃናትን፣ በአንደበትዎ ሁሉ መደመጥን እመኝልዎታለሁ።

በእናንተ መዝገብ ሦስተኛ ወገን፣
በቤቷ የባህሩ ሚስት፣
ተናኜ
ቶርንክሊፍ ፓርክ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ልወስድ ካፖርቴን ስለብስ ከእናንተ ፖስታ መጣ። ወፍራም ወረቀት ነው፤ ሐይቅና የምትጠልቅ ፀሐይ ታትሞበታል። «በውድ ደንበኛችን በአቶ ባህሩ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ወራሾች በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ ሂሳቡን እንዴት መዝጋት እንደሚችሉ ልንረዳ ዝግጁ ነን» ይላል። ውክልናው ሲመዘገብ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው የሆነች ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ መሆን አለበት። ለባህሩ ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ፖስታውን አይቶታልና ወደ አማርኛ እየመለስኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። እሱም ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። ሐይቁን አየ። ደረቱን ዳበስ አደረገ፤ ከዚያም ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ድምፁን አውጥቶ ሳቀ፤ እኔንም ይዞኝ ሄደና መሬት ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ አበራሽ ምን ሆኑ ብላ በሩን አንኳኳች። ሳቁ የድሮው ሳቁ ነው፣ አልተለወጠም። ከዚህ በላይ የደረደርኩላችሁን ምስጋና እንደፈለጋችሁ ተርጉሙት፤ ይህኛውን ግን እንዳለ ተቀበሉኝ። በሕይወት መኖሩን ለማጣራት ብላችሁ እንዳትደውሉለት ብቻ አደራ።